ስማቸውን የማናነሣቸው ሴቶች

ከሦስት ሳምንት በፊት፥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በማረም ላይ ሳለሁ በሩ ተንኳኳና ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኋት አንዲት ልጅ ገባች። ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ በመዝገብ ቤት ውስጥ ገቢ ደብዳቤ የምትመዘግብ ጸሐፊ ሆናለች። በክፍል ሳለች እጇን ለመመለስ የማታወጣ፥ ነገር ግን የተጠየቀችውን የማትስት ልጅ ነበረች። ያን ዕለት ግን ገና ወንበር ሳትይዝ መናገር ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት የጡረታ ማመልከቻ ይዘው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመጣሉ። ማመልከቻ የሚቀርብበት ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ልጅቱም እንደ ደንቡ ተቀብላ፥ ቍጥር ሰጥታ፥ ቀኑን ጽፋ በመዝገቡ ላይ አገባችው። ከሳምንት በኋላ የክፍሉ ሹም አስጠርተዋት፥ ያን ገጽ ቀድደሽ እንደ ገና ገልብጪው፤ የሴትዮዋንም ማመልከቻ ቀኑ ካለፈ በኋላ እንደ መጣ አድርገሽ ጻፊው አሏት። ምክንያቱን አልነገሯትም። እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጥቷታል።

«ጋሼ፥ እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ። «እኔ እምቢ ብል ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ይጽፈዋል። እሳቸውም ጡረታቸውን ያጣሉ፥ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ። ስለ አስቴርና ስለ ዲቦራ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አስቴር ንግሥት ናት፤ ዲቦራ ፈራጅ ናት። ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ የምትሆን ሴት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለች?»

አስተማሪ የሆነ ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት ወዲያውኑ የመመለስ ክፉ ልማድ አለበት። እኔም ከኮሌጅ ያመጣሁትን የሥነ ምግባር ቃል ሁሉ ልደረድርላት ምላሴን እየበላኝ ነበር። ነገር ግን እርሷ የጠየቀችኝ ትክክሉ የትኛው ነው ብላ አይደለም፤ ትክክሉንማ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። እንደ እርሷ ያለ ትንሽ ሰው ትክክሉን ቢሠራ ማንን ይጠቅማል ብላ ነው። ስለዚህ ሻይ አቀረብሁላትና መጽሐፍ ቅዱሱን ከመደርደሪያው አወረድሁ። (ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ መሥሪያ ቤቱን ግን እንዳልጠቅስ ቃል አስገብታኛለች።)

መጀመሪያ የገለጥሁት የኦሪት ዘፀአትን ምዕራፍ 1 ነው። በዚያ ምዕራፍ መጨረሻ ገደማ ሁለት አዋላጆች አሉ፤ ስማቸው ሲፓራና ፉሐ ይባላል። ሙሴን የማያውቅ የለም፤ እኅቱን ማርያምንና ከውሃ ያወጣችውንም የፈርዖን ልጅ ብዙ ሰው ያውቃል። ሲፓራንና ፉሐን ግን በክፍሌ ካሉት 42 ተማሪዎች መካከል ያወቀቻቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የቄስ ልጅ ናት።

የግብፅ ንጉሥ የእስራኤል ልጆች መብዛት ስላሠጋው እነዚህን ሁለት ሴቶች ጠርቶ፥ የምታዋልዱት ወንድ የሆነ እንደ ሆነ እዚያው ግደሉት፥ ሴት የሆነች እንደ ሆነ ግን ተዋት ብሎ አዘዛቸው። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ለሕዝብ የተነገረ አዋጅ የለም። ንጉሡ የተናገረው ለሁለት አዋላጆች ነው። የሥራውም ዓይነት ምስጢር ለመጠበቅ የተመቸ ነበር፤ በወሊድ ላይ የሞተ ሕፃን ሲገኝ ማን ገደለው ብሎ የሚመረምር የለምና።

ሴቶቹ ግን አላደረጉትም። ንጉሡ መልሶ ጠርቶ ለምን ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ፥ የዕብራውያን ሴቶች ብርቱዎች ስለ ሆኑ እኛ ሳንደርስ ይወልዳሉ አሉት። ይህን በክፍል ውስጥ ባነበብንበት ቀን ወንዶቹ ልጆች ተነሥተው፥ «ይህማ ውሸት ነው፤ እንዴት ይመሰገኑበታል?» ብለው ክርክር ገጠሙ፤ ሴቶቹም፥ እውነቱን ለገዳይ መንገር ግዴታ ነውን ብለው መለሱ፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አልተስማሙም። እኔ ግን የማደንቀው በንጉሡ ፊት የተናገሩትን አይደለም። ወደ ንጉሡ ዳግመኛ ከመጠራታቸው በፊት በስንት ሌሊት በስንት ቤት ገብተው ስንት ሕፃን በደኅና ተቀብለው ለእናቱ እንደ ሰጡ ነው። ያን ማንም አልቈጠረላቸውም።

ስለ እነዚህ ሴቶች ሊቃውንት የሚከራከሩበት ነገርም አለ። የዕብራይስጡ አነጋገር «ዕብራውያት የሆኑ አዋላጆች» ወይም «ዕብራውያትን የሚያዋልዱ» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊተረጐም ይችላል። ሁለተኛው ትርጓሜ የተወሰደ እንደ ሆነ ሴቶቹ ግብፃውያት ሊሆኑ ነው፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍም የንጉሡን ትእዛዝ የተቀበሉት አዋላጆች ግብፃውያት ናቸው ብሏል። ስማቸው ግን ሴማዊ ይመስላል። በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ቤተ መዘክር የሚገኝ፥ ዕድሜው 3,700 ዓመት ያህል የሚሆን አንድ የፓፒሩስ ጽሑፍ አለ። በእርሱ ላይ በአንድ የግብፅ ቤት የነበሩ አገልጋዮች ስም በዝርዝር ተጽፏል፤ ከነዚያም መካከል ሲፓራ ከሚለው ስም ጋራ የሚመሳሰል ስም ያላት አንዲት ሴት ትገኛለች። ሴትዮዋ ያችው አዋላጅ ናት ማለት አይደለም፤ ስሙ ግን በዚያ አገር በሠራተኞች መካከል ይጠራ እንደ ነበረ ያሳያል።

«ይህንን ዝርዝር የጻፈውም እንደ አንቺ ያለ የመዝገብ ጸሐፊ ነው» አልኋት። በመጣች በሰዓቱ መጀመሪያ የሣቀችው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥዬም የንጉሡን ስም ፈልጊ ብዬ መጽሐፉን ሰጠኋት። ፈልጋ አጣችው። ፈርዖን የማዕርግ ስም ነው፤ ትርጓሜውም ታላቅ ቤት ማለት ነው። ዳግማዊ ራምሴስ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ ድረስ አላለቀም። ያን ያህል ሐውልትና ያን ያህል የድንጋይ ጽሑፍ ያለው አገር ንጉሥ በዚህ መጽሐፍ ስሙ አልተመዘገበም፤ የሁለት አዋላጆች ስም ግን ተመዝግቧል።

ልጅቱ ግን የዋዛ አይደለችም። እኔ ስናገር እርሷ ወደ ታች ማንበቧን ቀጥላ ኖሮ፥ «ጋሼ፥ ንጉሡ መቼ ተወ?» አለችኝ። «ይኸው የሚወለደው ወንድ ሁሉ ወደ ወንዝ ይጣል ብሎ ሕዝቡን በሙሉ አዟል። እኔ እንዳልሁት ነው፤ እነርሱ እምቢ ቢሉ ሌላ ሰው ተገኘ።»

እውነቷን ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ፤ መልስ ስላጣሁ ነው እንጂ ለጥበብ አልነበረም። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ንጉሡ በመጀመሪያ የፈለገው ነገሩ በጓዳ እንዲያልቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እምቢ ባሉ ጊዜ ክፋቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ከጓዳ ወጣ። በምስጢር ሊሠራ የታሰበው ነገር በአዋጅ ካልሆነ የማይሠራ ሆነ። አዋጅ ደግሞ ሁሉ ይሰማዋል፤ የሰማም እናት ልጇን ትሸሽጋለች። የሙሴም እናት ሦስት ወር ሸሸገችው። እንግዲህ «ሌላ ሰው ይሠራዋል» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲሠራው ነገሩ ያው አይሆንምና። «በዚያ መዝገብ ላይ ከገጹ በፊትና ከገጹ በኋላ ያለው የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የእኔ» አለች።

«መካከለኛውን ገጽ ሌላ ሰው የጻፈው እንደ ሆነስ?»

አልመለሰችልኝም፤ ሻይዋን ግን ያን ጊዜ ጠጣችው።

ሲፓራና ፉሐ ከጠረጴዛው ወዲህ፥ ትእዛዝ ከሚፈጸምበት በኩል የነበሩ ሴቶች ናቸው። ከጠረጴዛው ወዲያ፥ እንደ አሮጊቷ ማመልከቻ ይዘው የሚቆሙትን ለማየት ደግሞ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27ን መግለጥ ነው። ሰለጰዓድ የሚባል ከምናሴ ነገድ የሆነ ሰው በምድረ በዳ ሞተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ አምስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ማህለህ፥ ኑዓ፥ ዔግላ፥ ሚልካና ቲርጻ። ምድሪቱ የምትከፈለው በተቈጠሩት ወንዶች ስም ስለ ሆነ ለእነርሱ ምንም አይደርሳቸውም።

እነዚህ ልጃገረዶች ወደ አንድ ዘመድ ሄደው አማልዱን አላሉም። በመገናኛው ድንኳን ደጅ፥ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፥ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ። አሁን የነገራቸውን አቀራረብ ተመልከቱ፤ በማመልከቻ መጻፍ የሚተዳደር ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ አያሰናዳውም። ተከራካሪያቸው ሊያነሣ የሚችለውን ነገር እነርሱ ቀድመው አነሡት፤ አባታችን በቆሬ ዐመፅ ከተነሡት ጋራ አልነበረም፥ በገዛ ኃጢአቱ ነው የሞተው አሉ። ስለዚህ ርስቱን በዐመፅ ምክንያት ሊነጠቅ አይገባም ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ድህነታቸው አላለቀሱም፤ ወንድ ልጅ ስላልወለደ የአባታችን ስም ከወገኑ መካከል ስለ ምን ይጠፋል ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ምጽዋት ሳይሆን ፍርድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ የሙሴ ነገር ነው። ሕጉን ያመጣው እርሱ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላልና ሂዱ ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችል ነበር። ነገር ግን አላውቀውም እንደማለት ሆኖ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። ሴቶቹ የተናገሩት ትክክል ነው የሚል መልስ መጣ፤ ለእነርሱም ብቻ ሳይሆን፥ ወንድ ልጅ ሳይኖረው የሚሞት ሰው ርስቱ ለሴት ልጁ ይለፍ የሚል ሥርዓት ሆኖ ተደነገገ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት ያምር ነበር። ዳሩ ግን በምዕራፍ 36 የወገናቸው አለቆች በተራቸው አቤቱታ ይዘው መጡ፤ እነዚህ ሴቶች ከሌላ ነገድ ባል ያገቡ እንደ ሆነ ርስታችን ወደ ሌላ ነገድ ሊሄድ ነው አሉ። ከአባታቸው ነገድ ወገን እንዲያገቡ ተፈረደ፤ የአባታቸውንም ወንድሞች ልጆች አገቡ። ከዚያም በኋላ ሙሴ ሞቶ ኢያሱ ምድሪቱን በሚያካፍልበት ጊዜ፥ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 17 እንደምናነበው፥ ሴቶቹ እንደ ገና ቀርበው፥ የታዘዘልን ርስት አለ ብለው ማሳሰብ አስፈለጋቸው። ፍርድ ማግኘትና ርስት መረከብ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን በቢሮ ኮሪደር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን የአምስቱ ስም አልጠፋም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አራት ጊዜ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ከዚህም በላይ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የጥንቷን ሰማርያ ሲቈፍሩ በቀለም የተጻፈባቸው ብዙ የሸክላ ስባሪዎች አገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። ጽሑፉ መዝሙር አይደለም፥ የነገሥታት ገድልም አይደለም፤ ከየአውራጃው ስለ መጣ የወይን ጠጅና ዘይት የተጻፈ የገቢ ማስታወሻ ነው። በአውራጃዎቹ ስም መካከል ሁለቱ ኑዓና፥ በዕብራይስጡ አጠራር፥ ሖግላ፥ ማለትም የእኛ ዔግላ ናቸው። ርስት አይገባችሁም ሊባሉ የነበሩት ሴቶች ስማቸው የአገር ስም ሆኖ በገቢ ጸሐፊዎች እጅ ሲጻፍ ኖሯል ማለት ነው።

ስለ ነቢይቱ ስለ ሕልዳናም ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ በተገኘ ጊዜ፥ ኤርምያስ ትንቢት መናገር ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ሊቀ ካህናቱና የንጉሡ ጸሐፊ የመጽሐፉን ነገር ይዘው የሄዱት ወደ እርሷ ነው። ግን መሽቶ ነበር፤ ልጅቱም ታክሲ ታጣለች።

ለልጅቱ ያላነበብሁላት ሌላ ሴት አለች። እኔ ራሴ ከሁሉ አብልጬ የማስባት እርሷን ነው፤ ነገር ግን ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ለሆነ ልጅ፥ ያውም በተጨነቀችበት ቀን፥ የሚነበብ ታሪክ ሆኖ አልታየኝም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ሪጽፋ ትባላለች፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 ትገኛለች። የንጉሥ ሳኦል ቁባት ነበረች፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወልዳለታለች። ሳኦል ከሞተ በኋላ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ራብ ሆነ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፥ ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ያፈሰሰው ደም መሆኑ ተነገረ። የገባዖን ሰዎችም ብርና ወርቅ አንሻም፥ ከሳኦል ዘር ሰባት ወንዶች ይሰጡን አሉ። ተሰጣቸው። ከሰባቱ ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ነበሩ። ገብስ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን በተራራ ላይ ሰቀሏቸው፤ ሬሳቸውም ሳይቀበር ተተወ።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ምን ቀረላት? ባሏ ሞቷል፤ ቤቱም ከመንግሥት ወድቋል። ልጆቿን አሳልፎ የሰጠው ንጉሡ ራሱ ስለ ሆነ አቤት የምትልበት ችሎት የለም። አገሩ ከራብ እንዲድን ተብሎ የተደረገ ነገር ስለ ሆነም አብሯት የሚያለቅስ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ማቅ ወሰደችና በዐለቱ ላይ አነጠፈችው። ቀን ቀን የሰማይ ወፎች፥ ሌሊት ሌሊት የዱር አራዊት ሬሳዎቹን እንዳይነኩ ከዚያ ሳትነሣ ጠበቀች፤ ይህም ከመከሩ መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ነው። በዚያ አገር ገብስ የሚታጨደው በሚያዝያ ገደማ ነው፤ ዝናቡ የሚመለሰው በጥቅምት ገደማ ነው። ዝናቡ በወቅቱ የመጣ እንደ ሆነ ስድስት ወር ያህል ተቀምጣለች ማለት ነው። የጠበቀችውም የራሷን ሁለት ልጆች ብቻ አልነበረም፤ አምስቱ የሌላ ሴት ልጆች ናቸው።

መጽሐፉ ከአፏ የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈልንም። ስሟ የሚነሣው በሁለት ታሪክ ነው፤ በሁለቱም አትናገርም። ነገር ግን ያደረገችው ነገር ዳዊት ዘንድ ደረሰ። ዳዊትም ተነሥቶ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በኢያቢስ ገለዓድ የነበረውን የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት አመጣ፤ የተሰቀሉትንም ሰዎች አጥንት አስለቅሞ፥ የሳኦልና የዮናታን አጥንት በሳኦል አባት መቃብር በክብር ተቀበረ። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን ሰማ ይላል። ይህን ቦታ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልመናው ተሰማ የተባለው ሰባቱ በተሰቀሉ ጊዜ አይደለም፤ አጥንቱ በተቀበረ ጊዜ ነው።

ልጆቿን አላዳነችም። ይህን ሸፋፍኖ አይዞሽ የሚል ሰባኪ ሲያጋጥመኝ ከአዳራሹ ተነሥቼ መውጣት ያምረኛል። የሪጽፋ ብርታት የሞተውን አላስነሣም፤ ነገር ግን ንጉሡ የረሳውን ግዴታ እንዲያስታውስ አደረገው፤ ይህንንም ያደረገችው አንድ ማቅ ይዛ በአንድ ዐለት ላይ በመቀመጥ ነው።

ልጅቱ በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ስልክ ደወለችልኝ። ሰኞ ጧት ለሹሙ፥ ገጹን አልገለብጥም፤ ማመልከቻው የመጣው በጻፍሁበት ቀን ነው አለቻቸው። ሹሙ አልተቈጡም፤ መዝገቡን ከፊቷ አንሥተው ከአጠገቧ ለተቀመጠው ልጅ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን እርሷ የቆዩ ፋይሎች ወደሚከመሩበት ምድር ቤት ተዛወረች። ደመወዟ አልተነካም፤ ክፍሉ ግን መስኮት የለውም፥ አቧራውም ያስነጥሳል። ልጁ ገጹን እስከዚያ ቀን አልቀደደውም ነበር፤ የእርሷን እጅ ጽሑፍ ማስመሰል አልቻልሁም ብሏቸዋል አሉ። ነገ ይቀድደው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። አሮጊቷ ግን ማመልከቻቸው የተመዘገበበትን ቍጥርና ቀን በወረቀት ይዘዋል፤ የሰጠቻቸው እርሷ ናት።

እኔ ስለ ዝውውሩ ልጠይቃት ስል እርሷ ሌላ ነገር ቸኵሎባት ኖሯል። የአምስቱን እኅትማማቾች ስም በወረቀት ጽፋ በአዲሱ ጠረጴዛዋ አጠገብ በግድግዳው ላይ ልትለጥፍ ነው።

«ጋሼ፥ ኑዓ በዓይኑ ነው በአልፋው?» አለችኝ።

መጽሐፉን ገልጬ አየሁና፥ በዓይኑ ነው አልኋት።